የንግድ ሰነድ በየትኛው ቅርጸት ይላክ? በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላሉ ላኪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ወደ ውጭ ገበያ የሚልክ ድርጅት፣ የመተማን ሰሊጥ አበጥሮ የሚጭን ላኪ ይሁን፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ የሚሰፋ ፋብሪካ ወይም የዘጌን ቡና የሚሰበስብ ማኅበር፣ ይዋል ይደር እንጂ «ትዕዛዝና ኢንቮይስ በምን ዓይነት ፋይል እንለዋወጥ?» የሚል ጥያቄ ከገዢው ይቀርብለታል። እስካሁን ፒዲኤፍ በኢሜይል ሲልክ፣ የኤክሴል ሠንጠረዥም በቴሌግራም ሲቀበል ለኖረ ቤት ጥያቄው የኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ ሊመልሰው የሚችል ይመስላል። መልሱ ግን የሂሳብ ሠራተኛውን፣ የመጋዘን ኃላፊውንና የትራንዚተሩን የዕለት ሥራ ለዓመታት ስለሚወስን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሊያውቀው ይገባል።

ብዙ ጊዜ ክርክሩ «አሮጌው ይብቃን፣ ዘመናዊውን እንያዝ» ወደሚል ያዘነብላል። በእኔ ግምት ይህ አነጋገር ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ውሳኔ ለመስጠት አይረዳም። የቅርጸቱ ዕድሜ ከመመዘኛዎቹ ሁሉ ደካማው ነው። መመዘን ያለባቸው ከወዲያ በኩል ያለው ገዢ የሚያነበው ቅርጸት፣ ያለዎት የኢንተርኔት መስመር አስተማማኝነትና የራስዎ መዝገብ ንጽሕና ናቸው።

ሦስቱ ትውልዶች

አሮጌ የሚባለው ቅርጸት ኢዲአይ፣ ማለትም የንግድ ሰነድ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚተላለፍበት የቆየ ሥርዓት ነው። በአሜሪካ ኤክስ12 የሚባለውን ደረጃ የሚያወጣው ኮሚቴ በ1979 ተቋቋመ (የቅርጸቶቹና የአውሮፓ ሕጎቹ ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)፤ በአውሮፓና በቀረው ዓለም በስፋት የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታቱ ኤዲፋክት ደግሞ በ1987 ጸደቀ። ሁለቱም የተሠሩት መስመር ውድ በነበረበት ዘመን ስለሆነ እያንዳንዷን ፊደል ይቆጥባሉ። ለምሳሌ 190 ኩንታል ሰሊጥ መታዘዙ በኤዲፋክት ፋይል ውስጥ የሚጻፈው «ኪውቲዋይ+21:190:ዲቲኤን'» ተብሎ ነው፤ በፋይሉ ላይ ፊደሎቹ በላቲን ይሰፍራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች መስመሩ ስለ ብዛት እንደሚናገር፣ 21 የሚለው ቁጥር የታዘዘ ብዛት መሆኑን፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደሎች ደግሞ መለኪያው አንድ መቶ ኪሎ ግራም፣ ማለትም የእኛው ኩንታል መሆኑን ይገልጻሉ። የመደመር ምልክቱ፣ ሁለቱ ነጥቦችና መጨረሻ ላይ ያለችው ጭረት መለያያ ናቸው። ለዓይን አስቸጋሪ ቢሆንም ለማሽን እጅግ ግልጽ ነው።

መካከለኛው ትውልድ ኤክስኤምኤል ነው። በ1998 ከጸደቀ በኋላ የንግድ ሰነዶችን በእርሱ ለመጻፍ ብዙ ሙከራ ተደርጎ፣ ከሙከራዎቹ ጸንቶ የቆየው ዩቢኤል የሚባለው ሆነ። የመጀመሪያው እትም በ2004፣ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት 2.1 ደግሞ በ2013 ወጥቶ በ2015 ዓለም አቀፍ ደረጃ ለመሆን በቅቷል። ሰነዱ ሰው ሊያነበው በሚችል ስም የተሞላ ስለሆነ ፋይሉ ከኤዲፋክቱ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ደንቡ ከቅርጸቱ ጋር መምጣቱ ነው፤ ኢንቮይሱ ከመላኩ በፊት ጉድለት እንዳለበት በነጻ በሚገኝ መመርመሪያ ማወቅ ይቻላል።

አዲሱ ጄሰን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኤፒአይ ከሚባለው የቀጥታ መጠያየቂያ ጋር ተያይዞ ይመጣል። የከተማችን ወጣት ፕሮግራመሮች ሁሉ የሚያውቁት ነው፣ ፋይሉም አጭር ነው። ሆኖም ጄሰን የአጻጻፍ ሥርዓት ብቻ እንጂ የንግድ ስምምነት አይደለም። «ዋጋ» የሚለው መስክ ቫትን ይጨምር አይጨምር፣ ኩንታሉ የተጣራ ይሁን ከነጆንያው የሚወሰነው ኤፒአዩን በሠራው ድርጅት ፈቃድ ነው። አምስት ገዢዎች አምስት ጄሰን ይኖራቸዋል።

መጀመሪያ ገዢውን ይጠይቁ

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሶፍትዌር መምረጥ ሳይሆን የገዢዎችን ዝርዝር አውጥቶ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የሚያነበውን ቅርጸት መጻፍ ነው። ትልቅ ገዢ ቅርጸቱን ሲነግርዎት እንዲከራከሩት አልመክርም፤ የእርሱ ሥርዓት ከሺዎች አቅራቢዎች ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ለአንድ የባሕር ዳር አቅራቢ ብሎ አይለውጠውም።

ለአሜሪካ የልብስ ሻጮች የሚሰፋ ፋብሪካ ኤክስ12 ሊጠየቅ እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ፤ በዚያ ቋንቋ 850 የግዢ ትዕዛዝ፣ 856 የጭነት ማስታወቂያ፣ 810 ኢንቮይስ ነው። እዚህ ላይ ከባዱ 856 ነው። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ የሚለጠፈው ባለ18 አኃዝ መለያና በፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር አንድ ካልሆኑ የገዢው መጋዘን ካርቶኑን አያውቀውም፤ ብዙ ገዢዎችም ለዚህ ቅጣት ከክፍያው ላይ ይቀንሳሉ። በመሆኑም ለዚህ ፋብሪካ ከፋይሉ ቅርጸት ይልቅ የማሸጊያ ክፍሉ መለያ ማተሚያና ስካነር ይቀድማል። የአውሮፓ ትልልቅ ቸርቻሪዎች ደግሞ በአብዛኛው ኤዲፋክትን፣ በተለይም ኢንኮም የሚባለውን የችርቻሮ ንግድ ቅርንጫፍ ይዘዋል። ሁለት ገዢዎች ሁለቱም «ኤዲፋክት 96ኤ» የሚለውን አንድ እትም ቢሉ እንኳ የየራሳቸው የአፈጻጸም መመሪያ ስላላቸው ከአንዱ የተሠራው ለሌላው እንዳለ አይሠራም። ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ይህን መመሪያ ይጠይቁ፤ የሌለው ገዢ ካጋጠመዎት ሥራው ከታሰበው በላይ ጊዜ እንደሚወስድ ይገምቱ።

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያቀርብ አከፋፋይ ካለዎት ዩቢኤልን ሊያነሳ ይችላል፤ በ2014 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ የመንግሥት ተቋማት ደረጃውን የጠበቀ ኤሌክትሮኒክ ኢንቮይስ እንዲቀበሉ አስገድዷል፤ ዩቢኤልም ከተፈቀዱት ሁለት ቅርጸቶች አንዱ ነው።

የቡና ነገር ለብቻው ይታይ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን ለመከላከል በ2023 ያወጣው ደንብ ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ቢራዘምም፣ ገዢው ቡናው የበቀለበትን ቦታ መጠቆሚያ ማቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ማሳው ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ከሆነ አንድ ነጥብ አይበቃም፤ ዙሪያው ይሳላል። ለዚህ የሚሠራበት ፋይል የጄሰን ዘር የሆነው ጂኦጄሰን ነው፤ እዚህ ላይ አሮጌ ወይስ አዲስ የሚል ምርጫ የለም። ጂኦጄሰን ቦታን ሲጽፍ ኬንትሮስን አስቀድሞ ኬክሮስን ያስከትላል፤ የስልክ ካርታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒውን ያሳያል። ዘጌ በግምት በ11.7 ዲግሪ ሰሜንና በ37.3 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ቁጥሮቹ ቢገለባበጡ ነጥቡ ሲሲሊና ቱኒዚያ መካከል ባሕር ላይ ያርፋል፤ ፋይሉ ግን በአጻጻፍ ረገድ እንከን የለበትም። መላክ ያለበት ሰው እያንዳንዱን ማሳ በካርታ ላይ ከፍቶ ጣናን አጠገቡ እስኪያይ ድረስ ፋይሉን አይልቀቅ።

ባንክን በተመለከተ ላኪው የሚመርጠው ነገር የለም። ዓለም አቀፍ የክፍያ መልእክቶች ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ ኤምቲ ከሚባለው ከቀድሞው የባንኮች መልእክት አጻጻፍ ወደ ኤክስኤምኤሉ አይኤስኦ 20022 ተሻግረዋል፤ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) የሚከፈትበት ኤምቲ 700 ግን በአሮጌው እንደቀጠለ ነው። ባንኮች ሳይቀሩ ሁለቱን ትውልድ ጎን ለጎን እያስኬዱ መሆኑን ላስታውስ እወዳለሁ።

ገዢው «ለእኛ ሁሉም ያው ነው» ካለ ወይም ሁለቱም ወገኖች ገና የሚጀምሩ ከሆኑ፣ ለኢንቮይስና ለትዕዛዝ ዩቢኤልን እመርጣለሁ። ጄሰንን በንግድ ትርጉም መሙላት ያለበት ራሱ ድርጅቱ ነው፤ ዩቢኤል ግን ይህን ሥራ ጨርሶ ይመጣል፤ መግለጫውም በነጻ ይገኛል። ጄሰን የሚሻለው መረጃው በየደቂቃው ሲለዋወጥ ነው፤ የመጋዘን ቀሪ፣ የመኪና መገኛ ወይም የዕለቱ ዋጋ ሲሆን።

መስመር ሲቋረጥ

በእኛ አካባቢ ኔትወርክና መብራት መቋረጡን ምክንያት አድርጎ ያልመረጠ ድርጅት በኋላ ላይ ይቸገራል። ኤፒአይ የስልክ ጥሪን ይመስላል፤ ሁለቱም ወገን በዚያች ቅጽበት መገኘት አለባቸው። የቆየው ኢዲአይ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ቫን በሚባል የመልእክት ሳጥን ስለሆነ፣ የገዢው ትዕዛዝ እዚያ ተቀምጦ መስመሩ ሲመለስ ይወርዳል። ኤኤስ2 የሚባለው በ2005 የወጣ የቀጥታ መላኪያ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ነገር ግን በእርስዎ በኩል ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ሰርቨር ይፈልጋል። ቀበሌ 14 ውስጥ ባለ ቢሮ ከሚቀመጥ ሰርቨር ይልቅ ሌላ ቦታ የሚያስተናግደው አገልግሎት ሰጪ ለዚህ ይሻላል። የቫን ክፍያ በመልእክት ወይም በፊደል ብዛት የሚታሰብና አብዛኛውን ጊዜ በዶላር የሚከፈል ስለሆነ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይን ከሂሳብ ክፍሉ ጋር አስቀድመው ይጨርሱ።

መስመሩ በመካከል ተቋርጦ «ሄደ ወይስ አልሄደም?» የሚለው ጥርጣሬ ሲመጣ ሠራተኛው ኢንቮይሱን ደግሞ ይልካል፤ ገዢውም አንድ ጭነት ሁለት ጊዜ እንደተጠየቀ ያስባል። ለዚህ ኢዲአይ ከጥንት ጀምሮ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ እያንዳንዱ መላኪያ የራሱ መቆጣጠሪያ ቁጥር አለው፣ ተቀባዩም ደርሶኛል የሚል መልእክት ይመልሳል፤ በኤክስ12 997፣ በኤዲፋክት ኮንትርል ይባላል። ጄሰን ኤፒአይ ከሆነ ይህን በግልጽ መጠየቅ አለብዎ፦ «ይኸው ኢንቮይስ በዚሁ ቁጥር ደግሞ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ለዚህ ቀጥተኛ መልስ የሌለው ኤፒአይ ገና አልተጠናቀቀም።

ፊደል፣ ቀንና ቁጥር

የአማርኛ ፊደል የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒውተር መዝገብ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ቀድሞ የተሠራው የኤዲፋክት መሠረታዊ የፊደል ስብስብ የላቲን ትልልቅ ፊደሎችን፣ አኃዞችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ይቀበላል፤ ቀጥለው የመጡት የቆዩ ስብስቦችም ቢሆኑ ግዕዝን አይዙም። ገዢው አዲሱን አጻጻፍ ቢፈቅድ እንኳ የስም መስኩ 35 ቦታ ነው፤ ዩኒኮድ በፋይል ውስጥ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር የቦታ መለኪያ) ስለሚወስድ ባይት የሚቆጥር የቆየ ፕሮግራም ካለ ነገሩ ይጠባል። «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ስም ከሁለት ባዶ ቦታዎቹ ጋር በትክክል 35 ባይት ነው፤ ከፊቱ «የ» ቢጨመርበት መጨረሻው ይቆረጣል። ስለዚህ ኢዲአይ ሲሆን ስምና አድራሻ በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ተወስኖ በመዝገብ ይቀመጥ፤ ሠራተኛው በየጊዜው በመሰለው አጻጻፍ አይሙላ። ኤክስኤምኤልና ጄሰን አማርኛን ያለችግር ይይዛሉ። ቢሆንም ስም «ፀ» እና «ጸ»፣ «ሐ» እና «ሀ» እየተለዋወጡበት ስለሚጻፍ ሁለት መዝገብን በስም ማመሳከር አይገባም፤ በቲን ቁጥር ይመሳከር።

የቀን ጉዳይ ይበልጥ አደገኛ ነው። ሁሉም ቅርጸቶች የሚጠብቁት የጎርጎርዮስን ቀን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሳይቀየር «2017-13-05» ተብሎ ዩቢኤል ውስጥ ቢገባ መመርመሪያው 13ኛ ወር የለም ብሎ ወዲያው ይመልሰዋል፤ ይህ መልካም ዕድል ነው። ጄሰን ውስጥ ግን ቀን እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚቆጠር ተጨማሪ ደንብ ካልተጻፈለት ያልፋል። ከሁሉም የሚከፋው ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. «2018-03-15» ተብሎ ሲሄድ ነው። ትክክለኛው ቀን «2025-11-24» ነበር፤ የገዢው ማሽን ግን የሚያየው ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ ኢንቮይስ ስለሆነ የክፍያ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል፤ የትኛውም መመርመሪያም የአጻጻፍ ስሕተት አያገኝበትም። መፍትሔው ከዛሬ ከአንድ ዓመት በላይ ወደኋላ የሚርቅ ቀን ያለበትን ሰነድ መላኪያው ላይ የሚያግድ ቀላል ደንብ ማስገባት ነው። ሰዓትም እንዲሁ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚነሳ መኪና «09:00» ተብሎ፣ የሦስት ሰዓት ልዩነቱ ተጠቅሶ ይጻፍ።

ከቁጥሮች ውስጥ ብዙ የሚጠፋው ከፊት ያለ ዜሮ ነው። የቲን ቁጥር 10 አኃዝ አለው፤ ብዙዎቹም በዜሮ ይጀምራሉ። ያልተቆላ ቡና የጉምሩክ መለያ 0901.11 ሲሆን ኤክሴል ነጥቡ የወጣለትን ሲያገኝ 90111 ያደርገዋል። ጄሰን ደግሞ በዜሮ የሚጀምር ቁጥርን ጭራሽ አይቀበልም። ሁለቱም ቁጥር መስለው የተጻፉ መለያዎች እንጂ የሚደመሩና የሚቀነሱ ቁጥሮች ስላልሆኑ ከመጀመሪያው እንደ ጽሑፍ ይያዙ። በሺዎች መካከል ኮማ አይግባ። መለኪያውም በቃል ሳይሆን በመለያ ይጻፍ፤ 190 ኩንታል፣ 19,000 ኪሎና 19 ቶን አንድ ጭነት ናቸው፣ መለያው የተሳሳተ እንደሆነ ግን በመቶ ወይም በአሥር እጥፍ ይዛባል።

የራስዎን መዝገብ ከቅርጸቱ ይለዩ

ከላይ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ተግባር ያመራል። የድርጅቱ የሽያጭ መዝገብ፣ በፒችትሪም ይሁን በሌላ ፕሮግራም፣ የማንንም ገዢ ቅርጸት መምሰል የለበትም። የራሱ የዕቃ መለያ፣ የራሱ የደንበኛ መለያ፣ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈ ቀንና በኪሎ የተያዘ ብዛት ይኑረው፤ ከዚያ ወደ ኤክስ12፣ ወደ ኤዲፋክት፣ ወደ ዩቢኤል ወይም ወደ ጄሰን የሚቀይረው ድልድይ በር ላይ ብቻ ይቀመጥ። ይህ ሲሆን አዲስ ገዢ ሲመጣ የሚሠራው አንድ ድልድይ ነው፤ ገዢው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲሻገርም የሂሳብ ሠራተኛው ለውጡን ላያውቀው ይችላል። «ሁሉንም በኤፒአይ እንሥራው» የሚል ሻጭ ሲመጣ መዝገብዎን በእርሱ ቅርጸት ሊያስርዎት እንዳይሆን ውሉን በጥንቃቄ ያንብቡ፤ በተለይ ውሉ ሲያበቃ መረጃው በምን ፋይል እንደሚመለስልዎ የሚናገር አንቀጽ መኖሩን ያረጋግጡ።

የኤሌክትሮኒክ መልእክት በሕግ ፊት ዋጋ እንዳለው በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ ፊርማውም በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ተደንግጓል። ይህ ግን የገቢዎች ሕግ የሚጠይቀውን ደረሰኝ አይተካም። የተላከውና የተቀበሉት ፋይል ሳይነካ፣ እንደ መጣ፣ ለብቻው ይቀመጥ፤ ክርክር ሲነሳ የሚታየው በኤክሴል የተከፈተው ቅጂ አይደለም።

ሙከራና ሽግግር

የሰሊጥ ጭነት ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ስለሚበዛ ሽግግር በዚያን ጊዜ አይጀመር። ክረምቱ ለዚህ ይመቻል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባለፈው ዓመት የተላኩ እውነተኛ ኢንቮይሶችን በአዲሱ ድልድይ አሳልፈው ከተከፈለው ገንዘብ ጋር ያመሳክሩ። ሆን ብለው የተበላሹትንም ይሞክሩ፦ የጳጉሜን ቀን ያለበትን፣ በዜሮ የሚጀምር ቲን ያለበትን፣ ሁለት ጊዜ የተላከውን፣ በመካከል መስመር የተቋረጠበትን። እነዚህን ሳያልፍ ወደ ሥራ የገባ ድልድይ ጉድለቱ የሚታየው ዕቃው ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያም ለመጀመሪያዎቹ ጭነቶች ፒዲኤፉ ከአዲሱ ፋይል ጎን እየተላከ ይቆይ፤ የሚቋረጠው ገዢው ከፋይሉ ብቻ ተነሥቶ ሙሉ ክፍያ ከፈጸመ በኋላ ነው። ፋይሉ ተመልሶ ሲመጣ ማን እንደሚያርመው፣ እርሱ በሌለበት ደግሞ ማን እንደሚተካው በስም ተጽፎ በሂሳብ ክፍሉ ይለጠፍ፤ ገዢውም የእነዚህን ሰዎች ስልክ አስቀድሞ ይያዝ።